ከጎንደር መተማ ወርዶ መኪና ውስጥ ማደር፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

ጎንደር ውስጥ መተማ ሲባል ያልሰማ የለም። ሰሊጥ ሲወራ ስሟ ይነሳል፣ ሙቀት ሲወራ ይነሳል፣ ሱዳን ሲወራ ይነሳል። ለማየት ብሎ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። ነጋዴው ጭኖ ይመለሳል። የቀን ሠራተኛው ለአጨዳ ይወርዳል። ሌላው "በረሃ ነው፣ ምን ላደርግ" ብሎ ይተወዋል።

እኔ መተማ መታየት አለባት ባይ ነኝ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ ሰው የከተማዋን ክፉ ሰዓት ብቻ አይቶ ይመለሳል። ቆላ የሚታየው ከንጋት እስከ ረፋድ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ዘቅዘቅ ካለች በኋላ። እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ለማግኘት እዚያው ማደር ግድ ነው። መኪናን ቤት አድርጎ መሄድ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። መኝታችሁ፣ ውሃችሁ፣ ቡናችሁ አብሯችሁ ስላለ ገና ሳይነጋ መነሳት ትችላላችሁ። ቀትር ላይ ደግሞ ጥላ ፈልጋችሁ ጋደም ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ያዙት። አንደኛውን ሳትጨርሱ ወደ ሁለተኛው አትለፉ።

1. መንገዱን መጠየቅ

ይሄ እርምጃ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት። አማራ ክልልም ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግጭት ላይ ነው። የጎንደር መተማ መንገድ ተዘግቶ ያውቃል፣ እገታም ተፈጽሞበታል። ስለዚህ ዛሬ ተነሱ አልላችሁም። መንገዱ ሰላም ሲሆን እንዴት እንደሚኬድ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ሰው ጠይቃችሁ አትመኑ። መናኸሪያ ሄዳችሁ የመተማ መስመር ሾፌሮችን ጠይቁ። አዘዞ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ጠይቁ። ከድንበሩ በፊት ባለችው ገንዳ ውሃ ወይም ድንበሩ ላይ ባለችው መተማ ዮሐንስ የሚኖር ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ካላችሁ ደውሉለት። ጥያቄው "ሰላም ነው ወይ?" ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ "ሰላም ነው" ይሆናል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ትናንት መኪና ወጥቷል? ስንት ሰዓት ላይ? በእጀባ ነው ወይስ በራሱ? የቤት መኪና አልፏል ወይስ ጭነት ብቻ?

መልሶቹ ካልተገጣጠሙ አትሂዱ። መኪና የሚያልፈው በእጀባ ብቻ ከሆነም አትሂዱ። ይሄንኑ ጥያቄ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ አንዴ፣ በመነሻው ጠዋት ደግሞ አንዴ ድገሙት። ጉዞ ቢቀር ጎንደር አትጠፋም፣ መተማም አትሄድም።

2. ወሩን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። የመተማ መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ጎማ ይበላል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ከአስፋልት አንድ እርምጃ የወጣ መኪና ትራክተር እስኪመጣ እዚያው ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊቱም ስለማይቀዘቅዝ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይታሰብም።

የሚሻለው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ሰሊጥ ሲታጨድ ማየት የሚፈልግ ጥቅምት ላይ ይውረድ። ቀለል ያለ አየር የሚፈልግ ታኅሣሥና ጥርን ይምረጥ። እኔ ምርጫው ከተሰጠኝ ጥቅምት መጨረሻን እመርጣለሁ። ሙቀቱ ቢከብድም አገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ያንን ማየት ብቻውን ለመንገዱ ድካም ይበቃል።

3. መኪናው

በሌላው ዓለም ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ካራቫን አለ። አልጋውም ማድቤቱም አብሮት ነው። ሱዳን ሰላም በነበረችበት ጊዜ ከካይሮ ተነስተው በካርቱምና በገዳሪፍ አድርገው በመተማ የሚገቡ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ያለ መኪና ይዘው ጎንደር ይደርሱ ነበር። እኛ ግን ያለንን ነው የምናዘጋጀው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ የኋላ ወንበሩ የተነሳለት ሃይሩፍ ሚኒባስ ይበቃችኋል፣ ምክንያቱም ጣሪያው ከፍ ስለሚል ቁጭ ብሎ ልብስ መቀየር ይቻላል። ላንድክሩዘር ካላችሁ ለመንገዱ ይመረጣል፣ ለመኝታው ግን ይጠብባል። ፒክአፕ በሸራ ሸፍኖ ኋላው ላይ መተኛት አልመክርም። ለምን እንደሆነ ስለ ትንኝ ስናወራ ይገባችኋል።

ታርጋው የግል ይሁን። የንግድ ታርጋ ያለው መኪና በየኬላው ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት ጋራዥ አስገቡት። ፍሬን ሸራው ይታይ። የራዲያተር ውሃና ቱቦው ይፈተሽ፣ የቬንትሌተሩ ቺንጋም ይታይ። ባትሪው የደከመ ከሆነ ቀይሩት፣ ሙቀት የደከመ ባትሪን ይጨርሰዋል። ስኮርታ ጎማው ነፋስ እንዳለው በእጅ ተጭናችሁ ሳይሆን ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ አስለኩት። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ ለክሪኩ መደላደያ የሚሆን ወፍራም ጣውላ ያዙ። ዋልካ ላይ ያለ ጣውላ የተደገፈ ክሪክ መኪናውን ሳያነሳ ራሱ ይሰምጣል።

የጎማ ነፋስ ሁልጊዜ በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ከሰዓት አስፋልቱ ሲግል ነፋሱ ስለሚጨምር አንዳንዱ ሰው ያስተነፍሳል። ያ ስህተት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ከልኩ በታች ይወርዳል፣ በነጋታው ሲነዱት ደግሞ ይበልጥ ይግላል።

4. መኝታውን መሥራት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጥሩ የተሠራ መኝታ ካላችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

የኋላ ወንበሮቹን በቡሎናቸው ፈታችሁ አውጡ። እንዳትቆርጡ፣ ስትመለሱ ትመልሱታላችሁ። በቦታው የእንጨት ቋሚ ያለው መድረክ አሠሩ፣ ከላይ ኮምፔርሳቶ ይመታበታል። ከፍታውን የሚወስነው ጀሪካናችሁ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመድረኩ ሥር ሳይጋደም መግባት አለበት። መድረኩ ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን ካልታሰረ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ይመጣባችኋል። ከላይ ቀጭን ስፖንጅ ይበቃል። ወፍራም ፍራሽ ሙቀት ይይዛል። አንሶላው ጥጥ ይሁን።

ቀጥሎ መስኮት። ቆላ ላይ መስኮት ዘግቶ መተኛት አይቻልም፣ ከፍቶ መተኛት ደግሞ በሽታ ነው። ወባ አለ። ከወባ በተጨማሪ በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር የሚባለው በሽታ አለ። እሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ስትበር ዝቅ ብላ ነው። በተራ የአጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ በመስኮቶቹ ልክ ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት ጨርቅ አሰፉና ጠርዙን በማግኔት ወይም በማጣበቂያ ከላሜራው ጋር ግጥም አድርጉት። ከውስጥ ደግሞ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ስቀሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ፣ በኩይሳ አካባቢና በግራር ሥር ትኖራለች። የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የቀን ሠራተኞች በብዛት የሚታመሙት ማታ ከዛፍ ሥር ሜዳ ላይ ስለሚተኙ ነው። ቀን የተመቻችሁ የግራር ጥላ ማታ ጠላታችሁ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናውን ከዛፉ ሥር አንሱት። ክፍት ፒክአፕ ላይ አትተኙ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ለፊት መስታወቱ የሚያብረቀርቅ የፀሐይ መከላከያ ግዙ። ከሞባይል ባትሪ መሙያ ጋር የሚሠራ ትንሽ ቬንትሌተርም ያዙ፣ በአንድ በኩል ነፋስ ካስገባ በሌላው በኩል የሚወጣበት መስኮት ይኑር።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ መኪና ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ቡና ለማፍላትም፣ እጣን ለማጨስም፣ ለምንም። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ ስላለው በእንቅልፍ ይገድላል። ሞተር አስነስቶ ኤርኮንዲሽን ከፍቶ መተኛትም እንደዚያው ነው። ማብሰያው ሁልጊዜ ውጭ ይሁን።

5. ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት

ለመጠጥ ብቻ በሰው በቀን 5 ሊትር ቁጠሩ። ለእጅና ለፊት መታጠቢያ፣ ለራዲያተርም የሚሆን ለብቻው ጀሪካን ይኑር። የመጠጡን ጀሪካን እርጥብ ጆንያ አልብሱት። የጆንያው እርጥበት እየተነነ ሲሄድ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ቆላ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

ኦአርኤስ፣ ማለትም ሰውነት ውሃ ሲያጣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ከፋርማሲ ያዙ። ካለቀባችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሽንት መጥቆር ሲመጣ ጥላ ሥር ሆኖ ይህንን መጠጣት ነው። ላብ ቆሞ ሰውነት ከጋለና ሰውየው የሚናገረው ከተምታታበት ግን ውሃ እያፈሰሱበት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

ምግብ አታብዙ። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሎሚ፣ ቡና። ወጥ ይዞ መውረድ ድካም ነው፣ በአንድ ቀን ይበላሻል። ሌላውን እዚያው ትበላላችሁ። መተማ ዮሐንስ ጥሩ ፉል አለ፣ ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና አለ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ አለ። የድንበር ከተማ ጣዕም ማለት ይሄ ነው፣ በድርቆሽ አትለፉት።

6. ወረቀት

መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። መኪናው በእናንተ ስም ካልሆነ ውክልና። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል በሞባይል ባንክ ብቻ አትተማመኑ፣ ጥሬ ብር ያዙ። የሰው ዕቃ "እዚያ አድርስልኝ" ቢሏችሁ አትቀበሉ፣ ዘመድ ቢሆንም። መስመሩ የኮንትሮባንድ መስመር ስለሆነ ፍተሻው ጠንካራ ነው፣ የሰው ዕቃ የእናንተ ጣጣ ይሆናል።

7. መጀመሪያ ጎንደር ላይ

መተማን ለማየት የሚጀመረው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች፣ ማለትም የሱዳኑ መህዲ ተከታዮች፣ ከመተማ በኩል መጥተው የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውሃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ገቡ። ከተማዋን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች። ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ቀና ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ ነገሩ ወዴት እንደሄደ መተማ ላይ ትከታተሉታላችሁ።

መኝታውን ደግሞ ሳትፈትኑት ቆላ አትውረዱ። ጎርጎራ ሂዱና ጣና ዳር አንድ ሌሊት እደሩበት። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ታያላችሁ፣ ወንፊቱ የት ጋ እንደሚያስገባም ታውቃላችሁ። የጎደለ ነገር ካለ ጎንደር ገበያ ቅርብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

8. መንገዱ

ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናፍጣችሁን ወይም ቤንዚናችሁን ጎንደር ላይ ሙሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዘዞ ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ታጠፉ። ከመሸ በኋላ በዚህ መንገድ መንዳት የለም። በምንም ምክንያት።

አይከል እስክትደርሱ ደጋ ነው። ጤፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀዝቃዛ አየር። እዚያ ቁርስ ብሉ፣ ጎማውንም አንዴ ዞራችሁ እዩ። አይከል ያለችበትን ጭልጋን ከሚያልፈው ሰው አብዛኛው የማያውቀው ነገር አለ። በዚህ ወረዳ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የጥንት እንስሳት ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል፣ ከእነሱም ውስጥ የጥንት ዝሆን ዘሮች አሉ። ግኝቱ የታተመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። መንገድ ዳር የሚታይ ሙዚየም የለም። የምትነዱበት አፈር ዕድሜው ይሄን ያህል መሆኑን ማወቁ ግን ዐይን ይከፍታል።

ከአይከል በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ላይ። ይሄን ሁሉ የምትወርዱት በማርሽ ነው እንጂ በፍሬን አይደለም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታው ከመጣ ቁሙ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት።

ነጋዴ ባሕርን ስታልፉ አየሩ ይቀየራል። ሹራቡ ይወልቃል፣ ዛፉ ይለወጣል። ገንዳ ውሃ እስክትደርሱ መንገዱ እየተዘረጋ ይሄዳል፣ ከብትና ግመልም አስፋልቱ ላይ ይበዛል። ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት፣ ሸኸዲም ይሏታል። ከእሷ እስከ ድንበሩ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይቀራል።

9. ማደሪያ

ገንዳ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ግቡና የምታድሩበትን ያዙ። ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ የእርሻ ካምፕ አጠገብ መኪና አቁሞ መተኛት በዚህ አገር አይሠራም። አጥርና ዘበኛ ያለው የፔንሲዮን ግቢ ፈልጉ። መኪና ውስጥ ብትተኙም አንድ ክፍል ተከራዩ። መታጠቢያና መጸዳጃ ታገኛላችሁ፣ መዝገባቸው ላይ ስማችሁ ይሰፍራል፣ ባለቤቱም እንግዳዬ ናቸው ብሎ ይጠይቅላችኋል። ከስንት በር መቆለፊያ ይልቅ የእሱ "እንግዳዬ ናቸው" ማለት ይሻላል።

እዚያው ዘበኛውን ተዋወቁ። "አባባ፣ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው፣ ሌሊት ብርሃን ቢያዩ እኛ ነን" በሏቸው። ሻይ ጋብዟቸው። የትኛው ጥግ ነፋስ እንዳለውና ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መኪናውን አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ አቁሙት። ጠዋት ጫማ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ፣ ጊንጥ አለ።

10. ምን ይታያል

ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አንዱ፣ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ሌላው። መካከሉ የእረፍት ነው።

መጀመሪያ የጦርነቱ አገር። መተማ ዮሐንስ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ነው የምትጠራው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የጎንደርን በቀል ይዘው እዚህ ደረሱ። ደርቡሾች በዘኪ ቱመል እየተመሩ በእሾህ አጥር ውስጥ መሽገው ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ሰብሮ ገባ፣ ድሉም ቀርቦ ነበር። ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። በማግስቱ አረፉ፣ አልጋቸውንም ለልጃቸው ለራስ መንገሻ ተናዘዙ። አስከሬናቸው ተጉዞ ሳያበቃ ደርቡሾች ደርሰውበት የንጉሠ ነገሥቱን ራስ ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ላኩት። ይሄን ታሪክ በጠዋት፣ ሜዳው ገና ሳይግል፣ ከአገሩ ሽማግሌ ጋር ሆናችሁ ስሙት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ የጀመራችሁት እዚህ ይገጥማል።

ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዊሊያም ስሊም መሪነት ጣሊያንን ከድንበሩ ማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ ከጋላባት ለማስለቀቅ አጠቃ። ጋላባትን ያዘ፣ ታንኮቹ ግን ድንጋያማው መሬት ላይ ተሰናከሉ። በጣሊያን አውሮፕላን ድብደባ በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመለሰ። መሬቱን ስታዩት ታንኩ ለምን እንዳልሄደ ይገባችኋል።

ቀጥሎ ሰሊጥ። ባለ እርሻ ጠይቃችሁ ፈቃድ አግኝታችሁ ብቻ ግቡ። ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው ከረጢት ከአናቱ ይከፈታል። ስለዚህ ገበሬው ትንሽ አረንጓዴ ሳለ ያጭደዋል፣ አለበለዚያ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። የታጨደው በነዶ ታስሮ ቀጥ ብሎ እርስ በርሱ ተደግፎ ይቆማል፣ ሂላ ይሉታል። እስኪደርቅ እንዲያ ይቆያል። ከዚያ ሠራተኛው አንዱን ነዶ ሳያጋድል ያነሳዋል፣ ሸራው ላይ ሲደርስ ይደፋዋል፣ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ያደርገዋል። ነጩ ሰሊጥ ሸራው ላይ ይዘንባል። ነዶውን ሲያነሳ እጁን እዩት፣ ትንሽ ካጋደለው ገንዘቡ መንገድ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ያ ሠራተኛ ከደጋ ወርዶ ለሳምንታት በዚህ ሙቀት ነው የሚሠራው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉት፣ ፈቃዱን ጠይቁት።

ከዚያ እጣን። በየቤታችን የምናጨሰው ነጭ እጣን ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ቆላ ነው። ዛፉ ዐለታማ ኮረብታ ላይ ይበቅላል፣ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይላጣል። መድማት የሚጀምረው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ሠራተኛው በትንሽ ስለት ከቅርፊቱ በጣም ስስ ነገር ይልጣል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፣ በሙቀቱ ይደርቃል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና ቁስሉን ትንሽ ያሰፋዋል። በጋውን ሙሉ እንዲህ ይቀጥላል። ያለ እረፍት የተደማ ዛፍ ይደክማል። እጣን መግዛት ከፈለጋችሁ ከገበያ ግዙ፣ ዛፉን ግን አትንኩ።

ወንዞቹንም እዩ። ጓንግ ከጭልጋ በኩል ወርዶ አትባራን ይሆናል፣ ሽንፋ ደግሞ ውሃው ዓባይ ይገባል። በበጋ ሽንፋ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 የተባለ የጥንት ሰዎች ሠፈር ተቆፍሮ ተገኝቷል። ከ74,000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የተነሳው ብናኝ እዚያ አፈር ውስጥ አለ። ሰዎቹ ከፍንዳታው በኋላም እዚያው ኖረዋል። አየሩ ሲደርቅ ከእነዚህ ኩሬዎች ዓሣ አብዝተው መብላት ጀመሩ። ጥናቱ የታተመው በ2016 ዓ.ም. ነው። በበጋ የምታዩት ኩሬ እነሱን ያሻገረው ዓይነት ኩሬ ነው። ውስጡ ግን አትግቡ፣ የቆመ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖረው ይችላል።

አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በቋራ በኩል ነው፣ ከሱዳኑ ድንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. አንበሳ እንዳለበት በካሜራ ተረጋግጧል። በሚኒባስ የሚገባበት አይደለም። ከገንዳ ውሃ ወደ ደቡብ ወደ ገለጎ መውረድ፣ የፓርኩን ፈቃድ ማግኘት፣ ስካውት ይዞ መግባት ይጠይቃል። ከዚህ ጉዞ ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው ይታሰብለት።

11. ድንበሩ ላይ

መተማ ዮሐንስንና ጋላባትን የሚለያየው ጠባብ ወንዝ ነው። ድልድዩን፣ ጉምሩኩን፣ ወታደሩን ፎቶ አታንሱ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉት። "ትንሽ ተሻግረን እንመለስ" የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ። ብር የሚመነዝር ቢመጣም እንዲሁ። ከተማዋ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች ያለፉባት ናት። ከእነሱ ጋር ስታወሩ ጨዋታችሁ ለስለስ ይበል። ያዩትን እንዲነግሯችሁ አታስጨንቋቸው።

ምሽቱን ገበያው አካባቢ ተቀመጡ። አማርኛም ዐረብኛም ትሰማላችሁ። ቡና ጠጡና ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ግቢያችሁ ግቡ።

12. መመለስ

ሽቅቡን በጠዋት ያዙት። የሙቀት መለኪያው ቀስቱ ከመካከል ካለፈ ኤርኮንዲሽኑን አጥፉ። አሁንም ከወጣ ቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ አትንኩት፣ የሚፈነዳው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

ጎንደር ከገባችሁ በኋላ መኪናውን እጠቡ፣ ወንፊቱን በፀሐይ አስጡት። ከዚያ ራሳችሁን ተከታተሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ "ጉንፋን ነው" አትበሉ፣ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጉ። ካላዛር ደግሞ ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎን የሆድ ማበጥ ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም "መተማ አድሬ ነበር" ብላችሁ ንገሩት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው።